የላሃይና እሳት መቼ ተለኮሰ?

በሃዋይ ደሴቶች መካከል፣ ማዊ፣ ላናይና ሞሎካይ የተባሉት ሦስት ደሴቶች የከበቡት የባሕር መተላለፊያ አለ። አውአው ይባላል። ክረምቱ ሰሜኑን የዓለም ክፍል ሲያቀዘቅዝ፣ ሃምፕባክ የሚባሉት ጎባጣ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ ውሃ ተነስተው 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋኝተው እዚህ ይደርሳሉ። የሚመጡት ለመጋባትና ለመውለድ ነው። በዚህ ሞቃት ውሃ ውስጥ የሚበሉት የለም፤ ወራቱን የሚያሳልፉት በሰውነታቸው ባጠራቀሙት ስብ ነው። እናቲቱ እየጾመች ታጠባለች።

ይህን ለማየት ሰው ከዓለም ዙሪያ ይመጣል። ከ25 ቶን በላይ ሊመዝን የሚችል እንስሳ ሙሉ አካሉ ከውሃ ወጥቶ፣ አየር ላይ ዞሮ ተመልሶ ሲወድቅ ጀልባው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይጮኻል። ሕግም አለ፤ ማንም ጀልባ ከ91 ሜትር በላይ ሊጠጋቸው አይችልም። ካፒቴኑ ሞተሩን ያጠፋና ይጠብቃል። እንስሳው ራሱ ከቀረበ ግን ማንም አይከሰስም።

ከዚያ ጀልባው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሲያዞር የሚታየው የላሃይና ዳገት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2023፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በዚያ ዳገት ሥር የነበረችው ከተማ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነደደች። 102 ሰው ሞተ፤ ከ2,000 በላይ ሕንፃ ወደመ ወይም ተጎዳ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለት ነገሮች ለየብቻቸው ይነገራሉ። ዓሣ ነባሪው የሰው ልጅ ጥፋቱን ያረመበት መልካም ዜና ነው፤ እሳቱ ደግሞ አውሎ ነፋስና ድርቅ ያመጡት አደጋ። ላሃይና ግን ይህን መለያየት የምትቀበል ከተማ አይደለችም። ከተማዋን በዓለም ካርታ ላይ ያስቀመጣት የዓሣ ነባሪ አደን ነው፤ ለእሳት ያዘጋጃትም ያ አደን ከፍቶት የሄደው በር ነው። ስለዚህ «እሳቱን ማን ለኮሰው?» ከሚለው በፊት «መቼ ተለኮሰ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በጥንት ስሟ ሌሌ ትባል ነበር። ላሃይና የሚለውን ስም ብዙዎች «ጨካኝ ፀሐይ» ብለው ይፈቱታል፤ በእርግጥም ያ የማዊ ምዕራባዊ ጠረፍ ዝናብ የሚያንሰው ነው። ዝናቡን ተራራው ያስቀረዋል። ነገር ግን ተራራው ያስቀረውን ዝናብ መልሶ በጅረት ይልከው ነበር። ሰዎቹም ጅረቱን በቦይ እየመሩ የጎደሬ ማሳ ያጠጡበት፣ ዓሣ ያረቡበት ነበር። በዚያ ላይ የዳቦ ዛፍ የሚባለው ትልቅ ቅጠል ያለው ዛፍ ከተማዋን በጥላ ሸፍኗት ነበር። ፀሐይዋ ጨካኝ ብትሆንም ከተማዋ እርጥብ ነበረች።

በመሐሏ ሞኩሂኒያ የሚባል ወደ 17 ኤከር የሚጠጋ ኩሬ፣ በኩሬው ውስጥም ሞኩኡላ የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረች። ንጉሥ ካሜሃሜሃ 3ኛ ከነጋዴዎች ወከባ ርቆ የኖረው እዚያ ነው። ላሃይና እስከ 1845 የመንግሥቱ መቀመጫ ነበረች፤ የ1840ው የሃዋይ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት የዚህ ዘመን ሥራ ነው። ኩሬውን ኪሃዋሂኔ የምትባል፣ በእንሽላሊት መልክ የምትታይ አምላክ ትጠብቀዋለች ተብሎ ይታመን ነበር። ውሃ ባለበት ቦታ ሁሉ ጠባቂ ማኖር የብዙ ሕዝብ ልማድ ነው፤ ውሃውን ለመንካት የሚፈልግ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲያስብ ያደርገዋል።

መድረቁ የጀመረው ከተራራው ነው። በ1793 የእንግሊዙ መርከበኛ ጆርጅ ቫንኩቨር ለካሜሃሜሃ 1ኛ ከብቶች በስጦታ አመጣ። ንጉሡ እንዲራቡ ብሎ ማንም እንዳይነካቸው ከለከለ። ተራቡ፤ ዱር ገቡ፤ ጥርስ ያለው ትልቅ እንስሳ አይቶ የማያውቀውን ደን እየበሉና እየረገጡ አራቆቱት። ቀጥሎ የሰንደል እንጨት ንግድ መጣ። ቻይና ውስጥ ለዕጣን የሚፈለገውን ይህን እንጨት አለቆቹ ለመርከብና ለሐር ጨርቅ ዕዳ መክፈያ አደረጉት፤ ገበሬው ማሳውን ጥሎ ተራራ ወጥቶ እንዲቆርጥ ተገደደ። ጥቂት አሥርት ዓመታት አልፈጀም፣ እንጨቱ አለቀ። ዕዳው ግን አላለቀም።

ከዚያ በኋላ ነው ዓሣ ነባሪ አዳኞቹ የመጡት። የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ሃዋይ የደረሱት በ1819 ሲሆን በ1840ዎቹ አጋማሽ በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 400 የሚጠጉ መርከቦች ላሃይና መልሕቅ ጥለዋል። የአሜሪካ ከተሞች የመብራት ዘይት፣ የፋብሪካዎቹ ማሽን ማለስለሻ ከዚህ እንስሳ ስብ ይመጣ ነበር። መርከበኞቹ በጃፓን ባሕርና በኋላም በአርክቲክ በረዶ ዳር እያደኑ፣ በጸደይና በመጸው ላሃይና ገብተው ውሃ፣ ድንች፣ ሥጋና ማገዶ ይጭኑ ነበር። የሚያሳድዱት በተለይ ስፐርም ዌልና ቦውሄድ የሚባሉትን ነበር። በደጃቸው ክረምቱን የሚያሳልፈውን ሃምፕባክ እምብዛም አልፈለጉትም፤ ዘይቱ አነስተኛ፣ ሲሞትም የሚሰጥም በመሆኑ ድካሙን አይከፍልም ነበር። የሃምፕባክ ጊዜ ገና አልደረሰም።

የከተማዋ ሕይወት ግን ተለወጠ። ሴቶች ወደ መርከብ እንዳይሄዱ አለቆቹ በመከልከላቸው መርከበኞች ሚሲዮናዊውን ዊሊያም ሪቻርድስን ከበው አስፈራሩት፤ በ1827 አንድ መርከብ ወደ ቤቱ አቅጣጫ መድፍ ተኮሰ። ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ይልቅ ዘላቂ ጠባሳ የተወው ግን ማንም ልብ ያላለው ነገር ነው። እስከ 1826 ድረስ በሃዋይ ትንኝ አልነበረም። በዚያ ዓመት ዌሊንግተን የተባለ መርከብ የውሃ በርሜሎቹን ዝቃጭ ላሃይና ላይ ሲደፋ የመጀመሪያዎቹ የትንኝ እጮች አብረው እንደገቡ ይታመናል። ይህች ትንኝ በታሪኩ ውስጥ ተመልሳ ትመጣለች።

ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በ1831 በተከፈተው የላሃይናሉና ትምህርት ቤት፣ ዴቪድ ማሎ የሚባል ሰው ይማር ነበር። ከአገሬው የተማሩ የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት አንዱ ነው። በ1837 በጻፈው ደብዳቤ የሚመጣውን በባሕር ምሳሌ አስረዳ፦ ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ከጥልቁ ባሕር የማይታወቁ ትልልቅ ዓሦች አብረው ይመጣሉ፤ በዳርቻው ትንንሾቹን ሲያገኙ ይውጧቸዋል ይላል ፍሬ ነገሩ። ሲሞት ከከተማዋ በላይ ከፍ ካለ ተራራ ላይ ተቀበረ፤ የባዕዳኑ ማዕበል እንዳይደርስበት ብሎ ራሱ የመረጠው ቦታ እንደሆነ ይነገራል። ማዕበሉ የመጣው በመድፍ አልነበረም። በወረቀት ነበር። በ1848 የተጀመረው ማሄሌ የተባለው የመሬት ክፍፍል በንጉሡ፣ በመንግሥቱና በአለቆቹ መካከል መሬቱን ከፋፈለ፤ በ1850 ደግሞ የውጭ ዜጎች መሬት እንዲገዙ ተፈቀደ። ተራው ሕዝብ በስሙ ያስመዘገበው ከጠቅላላው መሬት 1 በመቶ እንኳ አልሞላም።

የአደኑ ዘመን በአንድ ጊዜ አልሞተም፤ ተሸረሸረ እንጂ። በ1859 ፔንሲልቬንያ ላይ ነዳጅ ተቆፍሮ ወጣና የመብራቱን ገበያ ወሰደው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መርከቦቹን አጠፋ። በ1871 ደግሞ 33 መርከቦች አርክቲክ ላይ በበረዶ ተይዘው ቀሩ፤ ከ1,200 በላይ የነበሩት ሰዎች በሙሉ ቢተርፉም ንግዱ አላገገመም። ነገር ግን ገንዘቡ፣ ወደቡና በመርከብ መጥተው የቀሩት ሰዎች እዚያው ነበሩ። አዲስ ነገር ፈለጉ፤ አገኙትም። ሸንኮራ አገዳ።

ፓዮኒር ሚል የተባለው የስኳር ፋብሪካ ላሃይና ላይ በ1860 ተመሠረተ። አንድ ፓውንድ ስኳር ለማግኘት አንድ ቶን ውሃ ያስፈልጋል ይባል ነበር። ስለዚህ የጎደሬ ማሳዎቹን ያጠጡ የነበሩት ጅረቶች፣ ካውአውላን ጨምሮ፣ ከተራራው ሥር እየተጠለፉ በቦይና በዋሻ ወደ አገዳው ተመሩ። በ1875 አሜሪካ የሃዋይን ስኳር ያለ ቀረጥ ለማስገባት ስትስማማ እርሻው ተስፋፋ፤ ከቻይና፣ ከጃፓን፣ ከፖርቱጋል፣ በኋላም ከፊሊፒንስ ሠራተኛ ጎረፈ። የስኳር ባለቤቶቹ ጉልበት እያደገ ሄዶ በ1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋን አወረዱ፤ በ1898 ደሴቶቹ የአሜሪካ ሆኑ። ይህ በየመጽሐፉ አለ። በመጽሐፍ የማይታየው ኩሬው ምን እንደሆነ ነው።

ጅረቱ ሲጠለፍ ሞኩሂኒያ የሚገባበት ንጹሕ ውሃ አጣ። ረጋ፣ ሸተተ፣ የዚያች በመርከብ የመጣች ትንኝ መራቢያ ሆነ። የጤና ስጋት ነው ተባለና በ1914 በአፈር ተደፈነ። ነገሥታት የኖሩበትና የተቀበሩበት ደሴት ከኳስ ሜዳ ሥር ገባ። በመርከብ ያመጡት ትንኝ፣ በስኳር ያደረቁት ኩሬ፤ ሁለቱ ተጋግዘው በአንድ ከተማ መሐል የነበረውን ትልቁን ውሃ አጠፉት። በ2023 እሳቱ ሲመጣ ከተማዋ መሐል የሚያቆመው እርጥብ ነገር አልነበረም።

ወንጂ ወይም መተሐራ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው አገዳ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል። ማዊም እንዲሁ ነበር። ጭሱ ሕዝቡን ቢያስመርርም እሳቱ ባለቤት ነበረው፤ መንገዱ ተጠርጎ፣ ውሃው ተዘጋጅቶ፣ ሠራተኛው ቆሞ ይነዳል። አገዳው ራሱም በመስኖ የለመለመ ነበር። ፓዮኒር ሚል በ1999 ሲዘጋ ይህ ሁሉ አብሮ ቆመ። የስኳር ዋጋ ቀንሶ፣ የሌላ አገር ጉልበት ረክሶ፣ ቱሪዝም የበለጠ እያተረፈ ነበር። ኩባንያው ሄደ። ውሃው ግን ወደ ጅረቱ በሙሉ አልተመለሰም፤ ብዙው ወደ አዳዲስ መኖሪያ ሰፈሮች፣ ሆቴሎችና የመዝናኛ መናፈሻዎች መንገዱን አገኘ።

ባዶውን መሬት ሳር ወረሰው። ጊኒ ሳርና ባፈል ሳር ይባላሉ፤ ለከብት መኖ ተብለው የገቡ ናቸው። የሁለቱም አገር አፍሪካ ነው፣ ኢትዮጵያም ውስጥ በዱር ይበቅላሉ። በትውልድ አገራቸው የሚግጣቸው መንጋ አለ፤ በማዊ ዳገት ላይ ግን ማንም አልነካቸውም። በዝናቡ ወራት ከሰው ቁመት በላይ ያድጋሉ፣ በበጋው ይደርቃሉ፣ ከተቃጠሉም ከማንም ቀድመው ይበቅላሉ። የአገሬው ተክል ግን እሳት ሲነካው አይመለስም። አፋር ላይ የግጦሽ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስም የቅርብ ዘመዱ በ1828 ሃዋይ ገብቶ ደረቁን ጠረፍ ተቆጣጥሯል። ዛሬ ከሃዋይ መሬት ሩብ ያህሉ በእንዲህ ያለ መጤ ሳርና ቁጥቋጦ የተሸፈነ ነው። ባለ ርስቶቹ ትልልቅ የመሬት ኩባንያዎች፣ ድርጅቶችና መንግሥት ናቸው፤ ሳሩን የማጨድ ግዴታ ግን እምብዛም የማንም አልነበረም።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም። በ2014 የተዘጋጀ የምዕራብ ማዊ የእሳት መከላከያ ዕቅድ ላሃይና ከፍተኛ አደጋ ውስጥ እንዳለች ጽፏል። በነሐሴ 2018 ሌን የተባለ አውሎ ነፋስ ደሴቶቹን ሲቃረብ፣ ከላሃይና በላይ ካውአውላ አካባቢ ሌሊት እሳት ተነስቶ ከ20 በላይ ሕንፃ አቃጥሏል። አውሎ ነፋስ፣ ደረቅ ሳር፣ ዳገት፣ ከተማ፤ ሁሉም ነገር ከአምስት ዓመት በፊት በልምምድ መልክ ታይቶ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሳሩ እንደገና በቀለ።

በ2023 ዶራ የተባለው አውሎ ነፋስ በደቡብ በኩል በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሲያልፍ፣ በሰሜን ደግሞ ከፍተኛ የአየር ግፊት ቆሞ ነበር። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ነፋስ ከተራራው ቁልቁል ወደ ከተማዋ ወረደ። ማለዳ 12 ሰዓት ከ35 ገደማ (በአገራችን አቆጣጠር) የተበጠሰ የኤሌክትሪክ መስመር ኃይል ተመልሶ ሲለቀቅበት ሳሩን ለኮሰው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው አጠፉት፤ ለሰዓታት ቆይተው፣ ጠፍቷል ብለው ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ሄዱ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እዚያው ቦታ ጭስ ታየ። በ2024 ይፋ የሆነው ምርመራ የከሰዓቱ እሳት ያው የጠዋቱ እሳት እንደሆነ፣ ድንገተኛ አደጋም እንደሆነ ደምድሟል።

የቀረው በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ለሱናሚ የተተከሉት ሳይረኖች አልጮኹም፤ ቢጮኹ ሕዝቡ ወደ ተራራው፣ ማለትም ወደ እሳቱ ይሮጥ ነበር የሚል መከራከሪያ በኋላ ቀረበ፣ ኃላፊውም በቀናት ውስጥ ሥራ ለቀቀ። የወደቁ ምሰሶዎች መንገድ ዘጉ። በባሕሩ ዳር ባለው ጠባብ ጎዳና መኪናዎች ተደርድረው ቆሙ። ከሞቱት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነበር። መውጫ ያጡት ባሕር ውስጥ ገቡ፤ ግንቡን ተደግፈው፣ በጭሱና በሚዘንበው ፍም መካከል ለሰዓታት ቆዩ። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች 17 ሰዎችን ከውሃው አወጡ። ያ ባሕር በክረምት ዓሣ ነባሪ የሚወልድበት ነው። በነሐሴ ግን እነሱ አላስካ ናቸው፤ በዚያን ቀን በአውአው ውሃ ውስጥ መጠጊያ ፈላጊው ሰው ነበር።

ኅዳር ላይ ዓሣ ነባሪዎቹ እንደ ወትሯቸው መጡ። ወደቡ ተቃጥሏል፤ የጎብኚ ጀልባዎቹ ብዙዎቹ ሰምጠዋል። አመዱ በዝናብ ታጥቦ ወደ ኮራሉ እንዳይወርድ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ተረጭቶበታል። ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሺዎች በሆቴል ክፍሎች ተጠልለው፣ ጎብኚ ሲመለስ ወዴት እንደሚወሰዱ አያውቁም። በዚያው ወር የተወሰኑት በሆቴሎቹ ፊት ለፊት ባለው የካአናፓሊ ባሕር ዳርቻ ድንኳን ተከሉ። ሊያባርሯቸው ለሚመጡት መልስ እንዲሆን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አሸዋው ላይ ሰክተዋል፤ በሃዋይ በባሕር ዳር ማጥመድ መብት ነውና፣ «እያጠመድን ነው» አሉ። የሚያጠምዱት ቤት ነበር። ከዚህ ሁሉ የሕግ ክርክር መካከል ከዚህ የተሻለ ብልሃት ማግኘት ያስቸግራል።

በ2024 የኤሌክትሪክ ኩባንያው፣ መንግሥትና ሌሎች ተከሳሾች ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ለመክፈል ተስማሙ። ገንዘቡ ለእሳቱ ነው፤ ለውሃው አይደለም። ውሃውን በተመለከተ አንድ ጅምር ነበረ። በሰኔ 2022 የሃዋይ የውሃ ኮሚሽን የላሃይናን ጅረቶችና የከርሰ ምድር ውሃ በልዩ ቁጥጥር ሥር አደረገ፤ ውሃ የሚወስድ ሁሉ ፈቃድ መጠየቅና ምን ያህል እንደሚወስድ ማስረዳት ግድ ሆነበት። ለአንድ መቶ ዓመት ከዚያም በላይ የቆየ ልማድ ሊጠየቅ ሲል፣ ከ14 ወር በኋላ ከተማዋ ነደደች። በእሳቱ ማግስት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የውሃ ሕጉ ከፊል ለጊዜው ታገደ። የአገሬው ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ እሳቱን ያባባሰው የጅረቱ መጠለፍ ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ የተደረገው ውሃውን የሚጠብቀው ሕግ ሆነ ብለው። ሞኩሂኒያን ቆፍሮ ውሃውን መመለስ የሚለው የቆየ ጥያቄም ከእሳቱ በኋላ በረታ።

የዓሣ ነባሪው ታሪክ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ሃምፕባክ ጊዜው የደረሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የሞተር መርከብና ፈንጂ ያለው ሃርፑን ሲመጣ ፈጣኑም፣ የሚሰጥመውም አላመለጠም። በ1966 ገደማ በሰሜን ፓስፊክ የቀሩት ከ1,500 ብዙም አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። በዚያ ጊዜ ዓለም አቀፉ ኮሚሽን አደኑን አገደ። በ1992 የሃዋይ ውሃ የሃምፕባክ መጠለያ ተብሎ ተከለለ። ቁጥራቸው እያደገ በ2012 ወደ 33,000 ደረሰ። አንድ ሰው ክልከላውን ጽፎ፣ ሌላው አስከብሮ፣ ሦስተኛው ርቀቱን ጠብቆ የተገኘ ውጤት ነው። በዳገቱ ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ አልተጻፈም፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ቦዩን ማን ይዝጋ፣ ሳሩን ማን ይጨድ ብሎ ያስገደደ አልነበረም።

ግን በ91 ሜትር የሚመለስ ነገር አለ፣ የማይመለስም አለ። ከ2014 እስከ 2016 በሰሜን ፓስፊክ ለረጅም ጊዜ የቆየ የባሕር ሙቀት ማዕበል ተነሳ። አላስካ ላይ የሚበሉት ጥቃቅን ፍጥረትና ዓሣ መነመነ። በ2024 የታተመ ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ የጅራት ፎቶዎችን አነጻጽሮ፣ በ2021 የሰሜን ፓስፊክ ሃምፕባኮች ወደ 26,600 መውረዳቸውን አገኘ። ክረምታቸውን በሃዋይ የሚያሳልፉት ደግሞ ከ2013 ወዲህ በ34 በመቶ ቀንሰዋል።